የታደሰ ዲኤክስ በቦንጋ መንገድ

የታደሰ መኪና በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ሁላችሁም አይታችኋል። እትዬ ዘነበች ከደጃፏ ሆና «ይኸው፣ እንደ ልማዱ በሰው ጀርባ መጣ!» ስትል ሰምቻለሁ። የሳቃችሁትንም ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ታደሰ በሕይወት ሳለ በዚያ አሮጌ ዲኤክስ ሦስት ጊዜ ለመኪና ውድድር ወጥቶ ሦስቱንም ጊዜ በገመድ ተጎትቶ ነው የተመለሰው። ከጎኑ ተቀምጬ መንገድ የማነብለት እኔ ስለ ነበርኩ አብሬው ተጎትቻለሁ። መንገድ ማንበብ ማለት ነጂው ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ ሳያየው በፊት «ግራ ጠበቅ ያለ፣ ቀጥሎ ቀኝ» እያሉ ከወረቀት መንገር ነው።

የአሁኑ አመጣጥ ግን ሌላ ነው። ቆሜ ለእያንዳንዳችሁ ላውራው ብል ግማሹን እረሳዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ዕንባ ይቀማኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ፣ በቀን ጥቂት በጥቂት ጻፍኩት። በለቅሶዬ ድንኳን አብራችሁኝ ለተቀመጣችሁ፣ የከፋን አገር የማየት ዕድል ለማይገጥማችሁ የሰፈሬ ሴቶች ይሁን።

ከፋ ውስጥ ከቦንጋ ሺሺንዳ ደርሶ ለሚመለሰው ለዚህ ውድድር ስማችንን ያስመዘገበው ታደሰ ነው፣ ሳይታመም በፊት። ውድድሩ ሲደርስ ሙት ዓመቱ እንኳ አልወጣም ነበር። «በጥቁር ልብስ ውድድር ምን ይባላል?» ብላችሁ መክራችሁኛል፣ ምክራችሁም ትክክል ነበር። እኔ ግን ማሸነፍ አልነበረም ያማረኝ። ያ መኪና አንድ ቀን ብቻ፣ ያለ ገመድ፣ በራሱ ጉልበት የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ማየት ነበር። እርሱ ሳያየው የቀረውን እኔ ልይለት ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከአዳማ ጅማ

መሪውን እኔ ያዝኩ። መንዳት ያስተማረኝ ራሱ ታደሰ ነው፤ ሲያስተምረኝ እንዳልተፋታን አሁንም ይገርመኛል። መንገድ የሚያነብልኝ ዋርሳዬ መኮንን ሆነ፣ ልብስ ሰፊው መኮንን። የወንድሙ ነገር ሆኖበት ሱቁን ዘግቶ መጣ እንጂ በውድድር መኪና ተቀምጦ አያውቅም።

እስከ ወልቂጤ በሰላም ሄድን። እዚያ ሽሮ በልተን ወደ ጊቤ ቁልቁለት ስንወርድ «እስቲ ንባብ ተለማመድ» አልኩትና ወረቀቱን አወጣ። ሁለት መታጠፊያ እንዳነበበ ማንበቡን ተወ። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው መኮንን?»

«እትዬ ሙሉ፣ አቁሚ። አሁኑኑ አቁሚ።»

አቆምኩ። ሽሮውን ለጊቤ ሸለቆ አስረክቦ ተመለሰ። «ዕድሜ ልኬን መርፌ ላይ አፍጥጬ ስኖር እንዲህ ሆኜ አላውቅም» አለኝ አፉን እየጠረገ። «መርፌ ግን አይጠማዘዝም።» እኔም እንግዲህ መንገድ የማያነብ መንገድ አንባቢ ይዤ ነው የምሄደው ብዬ ሳቅሁ።

ከጊቤ ወንዝ በላይ ዳገቱን ስንይዝ የራዲያተሩ ሙቀት ወጣ። ኮፈኑን ብከፍት ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። ታደሰ ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከአዳማ ወጥቶ ስለማያውቅ እኔም ይዤ ነበር። የጊቤ ሙቀት እንደ እኛ አዳማ ነው፤ ላቤን እየጠረግሁ ስቀይረው አገሬ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ጅማ ገብተን መናኸሪያው አጠገብ አደርን። መኮንን እራት አልበላም።

ሁለተኛው ቀን፣ ከጅማ ቦንጋ

ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የከፋ አገር ይጀምራል። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኛ ሰፈር ዛፍ የምናውቀው በስም ነው፤ «የእነ እገሌ ዋንዛ» እንላለን፣ ሁለተኛ ስለሌለ። እዚያ ዛፉ በዛፍ ላይ ነው። ግንዱ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል፣ ቅርንጫፉ ላይ የንብ ቀፎ ተጋድሟል። ማን በምን ወጥቶ እንደሚሰቅለው እንጃ። አስፋልቱ በመካከሉ እየተጠማዘዘ ያልፋል።

ዝናቡም እንደ እኛ ዝናብ አይደለም። አዳማ ሲዘንብ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እዚያ ግን ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲጫወቱ ዝናቡ መጣባቸው፤ አንዱ የኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወሬውን ቀጠለ። እኛም ለመቀጠል ስንል የመስተዋቱ መጥረጊያ ቀጥ አለ። ሞተሩ ተቃጥሏል። መኮንን እንደ ልብስ ሰፊ አሰበ። ከቦርሳው ጠንካራ ክር አወጣ፣ ሁለቱን መጥረጊያዎች አሰረ፣ የክሩን ጫፎች በግራና በቀኝ መስኮት አስገባ። እርሱ ሲስብ መጥረጊያው ወደ እርሱ፣ እኔ ስስብ ወደ እኔ።

«ሳቢ! ልቀቂ! ሳቢ!» እያለ ቦንጋ ደረስን። ክንዳችን እስከ ትከሻችን ረጥቦ፣ ሁለታችንም ያለ ማቋረጥ እየሳቅን።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መውጣት ወይም መውረድ እንጂ መሄድ የለም። አልጋ ቤቱ ሁሉ በተወዳዳሪ ሞልቷል። አንድ የባጃጅ ነጂ የልብሳችንን እርጥበት አይቶ አዘነልንና «ተከተሉኝ» ብሎ አክስቱ ቤት ወሰደን። አክስቱ እትዬ አበበች ይባላሉ፣ መምህር የነበሩ ጡረተኛ። በሩን ሲከፍቱ ለምን እንደመጣን አልጠየቁም። ጥቁር ልብሴን አዩና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ራሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ማን ነው የሞተብሽ?»

«ባለቤቴ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ከዚያ በኋላ ነው ስሜን የጠየቁኝ። እራት የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ቀረበ፣ ከጎኑ በሳህን ነጭ ማር። ማርን እንደ መድኃኒት በማንኪያ ጫፍ ለምናውቅ ለእኛ፣ በሳህን ሲቀርብ ስርቆት ይመስላል። ሁለት ቀን ባዶ ሆዱን የነበረው መኮንን ሳህኑን እንዳይልስ በዓይኔ ከለከልኩት።

ሦስተኛው ቀን፣ ቦንጋ

ይህ ቀን የመኪና ምርመራ ነበር። መርማሪው ወጣት የእኛን ክር በጣቱ አንሥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ዋይፐር ነው» አለው መኮንን በኩራት።

«ወንድሜ፣ በክር የሚሠራ ዋይፐር አላሳልፍም። ሞተር አስገቡለትና ኑ።»

ዕለቱን ሙሉ የመለዋወጫ ሱቅ ስናስስ ዋልን። አዳማ ቢሆን እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ መንገድ ላይ በአሥር ሱቅ ታገኙታላችሁ። ቦንጋ የባጃጅ ዕቃ ሞልቷል፣ የአሮጌ ዲኤክስ ግን የለም። በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ነጋዴ ጋ ደረስን። መደርደሪያቸውን ከላይ እስከ ታች ፈትሸው አጡ። ከዚያ ዓይናቸው ጥቁሩ ነጠላዬ ላይ ዐረፈ።

«ለውድድር ነው የመጣሽው? በዚህ ሐዘንሽ?»

«መኪናው የባለቤቴ ነው ጋሼ። አንድ ጊዜ እንዲጨርስለት ነው።»

«አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። የራሳቸው መኪና ዲኤክስ ነው፣ ከእኛም የባሰ አሮጌ። መፍቻ አንሥተው የመጥረጊያውን ሞተር ፈቱና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እርስዎስ ጋሼ? ዝናቡ?»

«እኔማ ቤቴ እዚሁ ነው። በዝናብ ወዴት እሄዳለሁ? ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ። ካልጨረስሽም ትመልሺልኛለሽ፣ ግን ብትጨርሺ ደስ ይለኛል።»

ማምሻውን ምርመራውን አለፍን።

አራተኛው ቀን፣ ከቦንጋ ሺሺንዳ

መኪኖቹ በተራ ይለቀቃሉ፤ ሁሉም የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። መድረሻው ላይ ሰዓት መዝጋቢ ተቀምጦ የደረስንበትን ይጽፋል። ቶሎ የደረሰ በማግስቱ ቶሎ ይነሣል፣ የዘገየ መጨረሻ ይነሣል። በመንገድ መኪና መጠገን ይፈቀዳል። ክልክሉ ከሁለታችን በቀር ሰው መግፋቱና በገመድ መጎተቱ ነው። ገመድ የነካ ወጣ።

ውሽውሽ ላይ የሻይ ማሳውን አልፈን ስንወርድ ከሥራችን ዷ! የሚል ድምፅ መጣ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ አንድ ማሰሪያው ተበጥሶ፣ ከቧንቧው ተላቆ አስፋልቱን ይፍቃል። ያለ ማርሚታ መኪና እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። ሺሺንዳ ሳያየን ሰምቶናል። ገበያ ቀን ስለ ነበር ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ጠበቀን።

ሰዓት መዝጋቢው ጋሽ ወልደሚካኤል የሚባሉ የሺሺንዳ አስተማሪ ነበሩ። ብዕራቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ ጎንበስ ሲሉ ጥቁር ልብሴን አዩ። ብዕሩን ኪሳቸው ከተቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን ሆነሽ ነው እኅቴ?»

ነገርኳቸው። እንግዲህ የአገሩ ሰው ለቅሶ ደርሶ የሐዘንተኛን ፊት ከመኪና መስኮት ውጭ ቆሞ አያይም። «ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ። ገበያተኛው አግዳሚ ወንበር አመጣ። ጋሽ ወልደሚካኤል ተቀመጡ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ከበቡኝ፣ አንዷ እጄን ያዘች። መኮንን ከመኪናው አጠገብ በአንድ እግሩ እየቆመ ወደ እጅ ሰዓቱ ይጠቁማል።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ቢጽፉልን...»

«ተቀመጥ አንተ ሰው! ለቅሶ ላይ ነን።»

መኮንንም ተቀመጠ።

«ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ በገመድ እንደ ተጎተተ፣ በገመድ ሲጎተትም የቀደመ ይመስል ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ እንደሚያልፍ። ጋሽ ወልደሚካኤል ለከበቡን ሰዎች ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ካፊኛ መለሱላቸው፤ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እጄን የያዘችኝ ሴት ከሁሉ በላይ ሳቀች። በዚህ መሐል ሁለት ገበሬዎች ሳይጠየቁ መኪናው ሥር ገብተው ማርሚታውን ውሃ ውስጥ በተነከረ የእንሰት ቃጫ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

ከእኛ ብዙ ቆይቶ የተለቀቀው የመጨረሻው መኪና ደርሶ ክላክስ ሲነፋ ነው ጋሽ ወልደሚካኤል ብድግ ያሉት። «ወይኔ! ሰዓቱን አልጻፍኩም!» ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ስትደርሺ ስንት ነበር? ገምቼ ልጻፍልሽ?»

«አይ ጋሼ፣ አሁን ያለውን ይጻፉ» አልኩ። ታደሰ በግምት ሰዓት እንዲገባ አልፈለግሁም። እንዲህ ሆነን በሰዓት ሲቆጠር ከሁሉ መጨረሻ ወጣን።

«እትዬ» አለኝ መኮንን፣ «በዝናብ ተቀደምን ቢባል ያምራል፤ በቺንጋ ተቀደምን ቢባል ያምራል። በለቅሶ ተቀደምን ብለን ለማን እንነግራለን?»

ያን ቀን ጋሽ ወልደሚካኤል ቤት አደርን። ባለቤታቸው ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረቡልን። እርሳቸው ግን እራታቸውን በሐሳብ ነው የበሉት፤ «መጨረሻ ትነሺያለሽ፣ የቦንጋው መስመር ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይላሉ ደጋግመው። ማጽናናቱ የእኔ ሆነ።

አምስተኛው ቀን፣ ከሺሺንዳ ቦንጋ

መጨረሻ ተነሣን። ከኋላችን መዝጊያው መኪና ብቻ ይከተላል፤ የቆመ ተወዳዳሪ ሲያገኝ በገመድ የሚስብ ፒካፕ ነው። ነጂው ጋሽ ካሳ ወፍራም ተጫዋች ሰው ናቸው። መኮንንም ዘዴ አገኘ፦ መታጠፊያዎቹን ማታ በቃሉ አጥንቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግረኛል። ሁለት ጊዜ ግራውን ቀኝ ቢያደርገውም ምንም አላልኩትም፣ መንገዱ ራሱ ይናገራል።

ቦንጋ ከፊታችን ኮረብታው ላይ ትታያለች። የመጨረሻውን ዳገት ልይዝ ማርሽ ስቀንስ የካምቢዮው ዘንግ እጄ ውስጥ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ዞረ። አንደኛ የለም። ሁለተኛ የለም። ሦስተኛም የለም። ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ካሳ ከኋላችን ቆመው ወረዱ።

«እምቢ አለ?»

«እምቢ አለ።»

«እንግዲህ እትዬ፣ እስካሁን የመጣሽውም ብዙ ነው።» ፒካፓቸው ላይ ያለውን ገመድ አነሡ።

ገመዱን ሳይ ታደሰ መስኮት ላይ ክንዱን አስደግፎ እጁን ሲያወዛውዝ ታየኝ። «አይንኩት ጋሼ፣ ጥቂት ልሞክር» አልኩ። ፍሪሲዮን ረግጬ ዘንጉን በንዴት ወዲህ ወዲያ አማታሁት። አንድ ቦታ ቀጭ አለ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

«ኧረ በማርያም! ልትገድይኝ ነው?» ጋሽ ካሳ ከነገመዳቸው ቦይ ውስጥ ገቡ።

መኮንን ዓይኑን ገለጠ። «እትዬ... ይሄ እኮ ይሄዳል።»

«ወደ ኋላ ነዋ!»

«ታዲያ ጀርባውን ለቦንጋ እንስጠው!»

ጋሽ ካሳ ቦዩ ውስጥ እንዳሉ አሰቡት። «ገመድ አልነካሽም፣ ሰው አልገፋሽም» አሉ በመጨረሻ። «ምን አግዶሽ።»

ትንሽ በኋላ ማርሽ፣ ትንሽ በመኮንን ትከሻ መኪናውን አዞርነው። መኮንን የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኮ በኋላ መስተዋት ያይልኛል፤ እኔ አንገቴን አዙሬ እነዳለሁ። «ግራ! ግራ! ኧረ የእኔን ግራ!» ይላል። የሚገርማችሁ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ማቅለሽለሹ ጠፋ! «ለካ ሆዴ የተሠራው ለዚህ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ቦይ ልገባ ነበር። ታደሰ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ሞተሩ ጋለ። መንገድ ዳር የነበረች ሴት ጀሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ከምንጭ የተሸከመችውን ውሃ በሙሉ ራዲያተሩ ላይ ጨረሰችው። ምስጋናዬን ሳትጠብቅ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ ተመለሰች። ከተማው ጫፍ ላይ ባጃጆች አጀቡን፣ ክላክሳቸውን እንደ ሠርግ እየነፉ።

መድረሻው ዋናው መንገድ ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ዳኛው እጁን ዘርግቶ መሐል መንገድ ቆመ።

«ቁሚ! የውድድር መኪና በጀርባው አይገባም!»

«ደንቡ ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ካሳ ከፒካፓቸው አንገታቸውን አውጥተው። «ከኋላዋ ነበርኩ... ከፊቷ ነበርኩ ልበል መሰለኝ። ገመድ አልነካችም። ማንም አልገፋትም።»

«ደንቡ የፊት ጎማ መስመሩን ሲያልፍ ነው የሚለው።»

«የፊት ጎማ አለኝ» አልኩት በመስኮት። «መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልቀጥል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከመንገዱ ዞር አለ። «ቀጥዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

የኋላ ጎማው መስመሩን አለፈ። በሩ አለፈ፣ እኔም አለፍኩ። ቀስ ብሎ የፊት ጎማውም አለፈ። ዳኛው ባንዲራውን ጣለ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ አዳማ በአይሱዙም ይሁን በበሬ ይጫን፣ ግድ አልነበረኝም።

መውረድ አቃተኝ። መኮንን ከኋላ ወንበር ትከሻዬ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ያለቅሳል፣ እኔ መሪውን እንደ ጨበጥኩ ነኝ። በሩን የከፈቱት እትዬ አበበች ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ሸምሱ ቆመዋል። ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ወርም፣ ሰው ጥቁር ልብሴን አይቶ የሚለኝ ቃል አንድ ነበር። የሚመለስለትን መልስም እንቅልፌን ሳላቋርጥ እንኳ እመልሰዋለሁ። እትዬ አበበች ግን ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና

«እንኳን ደስ አለሽ!» አሉኝ።

ጋሽ ሸምሱም «እንኳን ደስ አለሽ» አሉ፣ ዳኛው አለ፣ የባጃጅ ነጂዎቹ በአንድ ድምፅ አሉ። መልሱ ጠፍቶኝ ነበር፤ ከተባልኩት ቆይቻለሁ። እየፈለግሁት ብዙ ቆየሁ። እነርሱም ጠበቁኝ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩ።